አቧራ የተሸከመ ነውጥ መረብ በማጥበብ ብቻ አይሰላም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጠጣር ቅንጣቶችን ተሸክሞ የሚሄድ ነውጠኛ (ተርቡለንት) ፍሰት በኮምፒውተር እንዴት እንደሚሰላ ለጀማሪ መሐንዲሶች የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጉዳዩ በቧንቧ ውስጥ በአየር የሚገፋ ዱቄትን፣ ወንዝ የሚያወርደውን ደለል፣ ከጭስ ማውጫ የሚወጣውን አመድ ሁሉ ይመለከታል። የጽሑፉ ምክር ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ለንጹሕ ፍሰት የተፈተነ የተርቡለንስ ሞዴል ምረጡ፤ ቅንጣቶቹን ጨምሩበት፤ ውጤቱ መለዋወጡን እስኪያቆም ድረስ የስሌቱን መረብ (ፍሰቱ የሚሰላባቸውን ነጥቦች ፍርግርግ) አጥብቡ፤ ከዚያ በኋላ የምታገኙትን እመኑት። ጸሐፊው ይህን በስድስት ነጥቦች ደግፈው፣ በቁም ቧንቧ ሽቅብ የሚነፍስ አየር የፕላስቲክ ቅንጣቶችን ይዞ ሲወጣ የሚያሳይ ምሳሌም ሠርተዋል። አጻጻፋቸው ግልጽ ነው፤ ጀማሪን አያስፈራም፤ ይህን አከብራለሁ። ምክሩን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም በጀመርኩ ጊዜ በዚሁ መንገድ ሄጄ ወራት አጥፍቻለሁ። ደግሞም በዚህ ዓይነት ስሌት ተማምኖ ማጣሪያ የሚሠራ፣ በአቧራ የሚፋቅ የቧንቧ መታጠፊያ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው የሚወስን፣ በአፍ የሚሳብ የመድኃኒት ብናኝ ሳንባ ውስጥ የት እንደሚያርፍ የሚገምት ሰው አለ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት አንድ መለኪያ ላስቀድም። ጽሑፉ ይህን መለኪያ አንድም ቦታ አላነሣውም፤ ከጸሐፊው የምለይበት ነገር ሁሉ ግን የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። በቅንጣት ዙሪያ ያለው አየር ፍጥነቱን ሲለውጥ ቅንጣቱ ወዲያው አይከተለውም፤ ጊዜ ይወስድበታል። ይህ የምላሽ ጊዜ ከቅንጣቱ እፍግታና ከውፍረቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ የተሸካሚው ዝልግልግነት ሲጨምር ደግሞ ያጥራል። ውፍረቷ 50 ማይክሮሜትር የሆነች የመስታወት እንክብል በአየር ውስጥ 19 ሚሊሰከንድ ገደማ ትፈልጋለች። ውፍረቷ 5 ማይክሮሜትር ብትሆን ጊዜው መቶ ጊዜ ያንስና ወደ 0.2 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ያቺው የ50 ማይክሮሜትር እንክብል ውሃ ውስጥ ብትገባ ግማሽ ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። ነውጥ ደግሞ መጠናቸው የተለያየ አዙሪቶች ስብስብ ነው፤ ትልልቆቹ ቀስ ብለው፣ ትንንሾቹ በፍጥነት ይዞራሉ። የቅንጣቱን የምላሽ ጊዜ አዙሪቱ ለመዞር ለሚወስደው ጊዜ ስናካፍለው የስቶክስ ቁጥርን እናገኛለን። ቁጥሩ ከ1 እጅግ ሲያንስ ቅንጣቱ እንደ ቀለም ጠብታ ፍሰቱን ይከተላል፤ እጅግ ሲበልጥ አዙሪቱን ሰንጥቆ ያልፋል። አንዱ ቅንጣት ለትልቁ አዙሪት ታዛዥ፣ ለትንሹ ግን ግድ የሌለው ሊሆን ይችላል። ሞዴል የሚመረጠው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

የጸሐፊው የመጀመሪያ ነጥብ ቅንጣቶቹ ከጠቅላላው ይዘት (ቮልዩም) ከ10,000 አንድ እጅ ብቻ ከያዙ ፍሰቱ መኖራቸውን አያውቅም የሚል ነው። እስቲ እናስላው። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ10,000 አንድ እጅ መስታወት 0.25 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አየሩ ራሱ የሚመዝነው 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በይዘት ከቁጥር የማይገባው አቧራ በክብደት የአየሩን አንድ አምስተኛ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሸክም ለማፋጠን የሚወጣው ጉልበት ከአየሩ ነው የሚመጣው፤ አየሩም የሰጠውን ያህል ይጎድልበታል። ምሳሌው በውሃ ቢሆን ጸሐፊው ልክ ነበሩ፤ እዚያ 0.25 ኪሎ ግራሙ የሚወዳደረው ከ1000 ኪሎ ግራም ጋር ነው። ተመራማሪው ኤልጎባሺ በ1994 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጡትና ሁላችንም በምንጠቀምበት ክፍፍል፣ ቅንጣቶቹ ከይዘቱ ከሚሊዮን አንድ እጅ በታች ሲሆኑ ፍሰቱ ይነዳቸዋል እንጂ እነሱ ፍሰቱን አይነኩም። ከሚሊዮን አንድ እስከ ከሺህ አንድ ባለው ክልል ውስጥ ነውጡን መልሰው ይለውጡታል። ከዚያ በላይ የእርስ በርስ ግጭታቸውም ይቆጠራል። ጽሑፉ እንደ ባዶ የቆጠረው መጠን የሚያርፈው በመካከለኛው ክልል ውስጥ ነው። ከሚሊዮን አንድ በታች ለሚሠራ ሰው ግን በዚህ ነጥብ ላይ ምክሩ ደኅና ነው፤ ይህን አልክድም።

ሁለተኛው ነጥብ የመጀመሪያውን በከፊል ይመልሳል። ተጽዕኖ ቢኖር እንኳ ቅንጣት ሁልጊዜ ነውጥን ያበርዳል፤ ስለዚህ በነውጡ ጉልበት ቀመር ውስጥ አንድ ተቀናሽ ማስገባት ይበቃል ይላሉ። ይህ በልኬት ከፈረሰ 40 ዓመት አልፎታል። ትሱጂና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1984 ውስጣዊ ስፋቱ 30 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ የቁም ቧንቧ ውስጥ ከ200 ማይክሮሜትር እስከ 3 ሚሊሜትር የሚደርሱ የፕላስቲክ ቅንጣቶችን ከአየር ጋር ልከው ፍጥነቱን በሌዘር ለኩ። ትልልቆቹ ቅንጣቶች የአየሩን ነውጥ በቧንቧው ስፋት ሁሉ አባባሱት። ትንንሾቹ አበረዱት። መካከለኞቹ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም አደረጉ፤ በቧንቧው መሐል ነውጡን ጨመሩ፣ ከግድግዳው አጠገብ ቀነሱ። በ1989 ጎር እና ክሮው የብዙ ሙከራዎችን ውጤት ሰብስበው ሲያዩ አንድ ቀላል ድንበር አገኙ። የቅንጣቱ ውፍረት ከትልልቆቹ አዙሪቶች መጠን አንድ አሥረኛ ሲያንስ ነውጡ ይበርዳል፤ ሲበልጥ ይብሳል። ድንበሩ ሻካራ ነው፤ ሁሉንም አይገልጽም፤ የምልክቱን መገልበጥ ግን ማንም ሊክደው አይችልም።

የሚገለበጥበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ትንሽ ቅንጣት በአዙሪቱ እየተጎተተ ጉልበቱን ይጠጣል። ትልቅ ቅንጣት ግን ከአየሩ በተለየ ፍጥነት እየተጓዘ ከኋላው የተናወጠ ጭራ ይተዋል፤ ያ ጭራ ራሱ አዲስ ነውጥ ነው። አሁን ጸሐፊው ወደ ቀመሩ ያስገቡት ተቀናሽ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። በቅንጣቱና በአየሩ መካከል ያለውን ጎታች ኃይል ወስደን በተለመደው መንገድ አማካዩን ስናወጣ፣ በቀመሩ ውስጥ የሚተርፈው አባል በተለመደው መልኩ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ጭራው የት ሄደ? በአማካዩ ውስጥ ጠፋ፤ ምክንያቱም ቅንጣቱን መጠን የሌለው ነጥብ አድርገን ነበርና ነጥብ ጭራ የለውም። በመሆኑም የጽሑፉ ሞዴል የ3 ሚሊሜትሩን ቅንጣት ሲያሰላ የሚሳሳተው በመጠን ብቻ ሳይሆን በአቅጣጫም ነው። የነውጡን ጉልበት (ኬ) እና ጉልበቱ የሚጠፋበትን ፍጥነት (ኤፕሲሎን) በሁለት ቀመር በሚያሰላው በኬ-ኤፕሲሎን ሞዴል ውስጥ የሚገኙት 0.09፣ 1.44 እና 1.92 የተባሉት ቋሚ ቁጥሮች ላውንደር እና ስፖልዲንግ በ1974 ካቀረቡት መልክ የተወሰዱ ናቸው፤ የተስተካከሉትም ቅንጣት በሌለበት ፍሰት ነው። ቅንጣት ሲገባ በኤፕሲሎን ቀመር ላይ የሚጨመረው አዲስ ቁጥር ደግሞ ከአንዱ ደራሲ ወደ ሌላው ይለያያል። ጸሐፊው አንዱን ቁጥር ወስደው ለምን እሱን እንደመረጡ አልነገሩንም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። ነውጥ ያማስላል፣ ስለዚህ ቅንጣቶቹ በእኩል ይበተናሉ፣ አማካይ ክምችታቸውን ማወቅ ይበቃል ይላሉ። ለቀለም ጠብታ እውነት ነው። ለራሱ ክብደት ለሚታዘዝ ቅንጣት ግን አይሠራም። አዙሪት እየዞረ ቅንጣቱን ወደ ውጭ ይወረውረዋል፤ ቅንጣቶቹም ከአዙሪቶቹ እምብርት ወጥተው በአዙሪቶቹ መካከል ባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች ይከማቻሉ። ማክሲ በ1987 ይህን በሒሳብ አሳዩ፤ ስኳይርስ እና ኢተን በ1991 በቀጥተኛ፣ ማለትም ያለ ነውጥ ሞዴል በተሠራ፣ ስሌት ሲያዩት የቅንጣቶቹ ክምችት በአንዳንድ ስፍራ ከአማካዩ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ክስተቱ የሚበረታው የስቶክስ ቁጥሩ በትንንሾቹ አዙሪቶች ጊዜ ተለክቶ ወደ 1 ሲጠጋ ነው። ከዚያ በታች ቅንጣቱ ከአዙሪቱ ጋር ይዞራል፤ ከዚያ በላይ አዙሪቱ ሊወረውረው አቅም ያጣል። አማካዩ ትክክል ሆኖ ሳለ በየስፍራው ያለው ግን ወይ ባዶ ወይ ጥቅጥቅ ነው። ግጭት የሚበዛው፣ ብናኞች ተጣብቀው የሚያድጉት በጥቅጥቁ ስፍራ ነው፤ በአማካዩ ብቻ የሚያሰላ ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል።

ግድግዳ ሲኖር ነገሩ ይከፋል። ነውጡ ከበረታበት ስፍራ ወደ ረጋበት የሚሻገሩ ቅንጣቶች ለመመለስ የሚገፋቸው ጉልበት ያጣሉ፤ ስለዚህ ከግድግዳው አጠገብ ይጠራቀማሉ። ይህ ተርቦፎሬሲስ የሚባለው ክስተት ሲሆን፣ ክብደት ያላቸው ቅንጣቶች በእርግጥ ያደርጉታል። ታዲያ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔ ራሴ ወድቄበታለሁ። ከዓመታት በፊት በአማካይ ስሌት ላይ ተመሥርቼ፣ እያንዳንዱ ቅንጣት በዕጣ የሚወጣለት የነውጥ ፍጥነት እየተሰጠው በሚጓዝበት ቀላል ዘዴ፣ ዱቄት በአንድ ቦይ ግድግዳ ላይ ሲጠራቀም የሚያሳይ ውጤት አገኘሁ። ቅርጹ ከጠበቅሁት ጋር ገጠመልኝና ደስ አለኝ። አብራኝ የምትሠራ ባለሙያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ክብደት የሌለው ቅንጣት ብትልክበትስ?» ላክሁበት። ፍሰቱን ያለ ምንም መዘግየት የሚከተል፣ በሙሉው ቦይ በእኩል የተበተነ ቅንጣት እስከ መጨረሻው በእኩል ተበትኖ መቆየት ነበረበት። እሱም ግድግዳው ላይ ተጠራቀመ። እኔ ተርቦፎሬሲስ ያልሁት ነገር ትልቅ ክፍሉ የዘዴው ጉድለት ነበር፤ ነውጡ ከቦታ ቦታ ሲለያይ ዕጣው ራሱ ቅንጣቶችን ወደ ረጋው ስፍራ የሚያንሸራትት ሐሰተኛ ጉዞ ይፈጥራል። ቶምሰን በ1987 ያስቀመጡት መመዘኛ፣ በእኩል የተቀላቀለ እንደተቀላቀለ ይቆይ የሚለው፣ ይህንኑ ለመያዝ ነው። ፈተናው አንድ ከሰዓት አይፈጅም። ጽሑፉ ለጀማሪዎች እስከተጻፈ ድረስ ከምንም በፊት መምከር የነበረበት ይህን ነበር። በዚህ ላይ ኬ-ኤፕሲሎን በሁሉም አቅጣጫ ነውጡ እኩል ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ከግድግዳው አጠገብ ወደ ግድግዳው የሚገፋውን ንዝረት ከእውነቱ እጅግ አብልጦ ይሰጣል፤ ትንንሽ ቅንጣቶችም በስሌቱ ላይ ከሚገባው በላይ ይጣበቃሉ። በዚህ ተማምኖ ማጣሪያ የሠራ ሰው ማጣሪያው ከእውነቱ የበለጠ የሚይዝ ይመስለዋል።

አራተኛው አጭር መልስ ይበቃዋል። የነውጥ ንዝረት አማካዩ ዜሮ ስለሆነ ቅንጣት የሚወርድበት ፍጥነት በረጋ አየር ካለው ጋር እኩል ነው ይላሉ። የንዝረቱ አማካይ ዜሮ የሚሆነው ቅንጣቱ ሁሉንም ስፍራ እኩል ከጎበኘ ነው፤ አሁን እንዳየነው ግን አይጎበኝም። ቅንጣቶቹ አዙሪቶቹ ወደ ታች በሚወርዱበት ጎን መሄድን ስለሚያዘወትሩ ከተገመተው ፈጥነው ይወርዳሉ፤ ዋንግ እና ማክሲ በ1993 በስሌት ይህንኑ አረጋግጠዋል። በሌላ ሁኔታ፣ ጎታቹ ኃይል ከፍጥነት ልዩነት ጋር በቀጥታ ሳያድግ ሲቀር፣ መዘግየትም ይመጣል። ስለዚህ አቅጣጫውን እንኳ ቀድሞ መገመት አይቻልም።

አምስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ነው፦ መረቡን አጥብብ፣ ውጤቱ ሲረጋ እውነቱ ጋ ደርሰሃል። ለንጹሕ ፍሰት እንኳ ይህ ግማሽ እውነት ነው። መረብ ማጥበብ ቀመሩን በትክክል መፍታታችንን ያረጋግጥልናል፤ ቀመሩ ራሱ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። ቅንጣት ሲገባ ግን ግማሽነቱም ይቀራል። አብዛኛው ስሌት ቅንጣቱን እንደ ነጥብ ይቆጥረዋል፤ የሚጎትተውን ኃይል ለማስላትም በዙሪያው ያለውን የአየር ፍጥነት ከመረቡ ላይ ያነባል። ቀመሩ የሚፈልገው ቅንጣቱ እዚያ ባይኖር ኖሮ አየሩ ይኖረው የነበረውን ፍጥነት ነው። የመረቡ ዓይን ከቅንጣቱ ብዙ እጥፍ ሲሰፋ ሁለቱ አይለያዩም፤ ቅንጣቱ ያደረሰው ረብሻ በሰፊው ዓይን ውስጥ ይቀልጣል። ዓይኑ ወደ ቅንጣቱ ውፍረት ሲጠብ ግን ቅንጣቱ ራሱ ያንቀሳቀሰውን አየር መልሶ ያነባል፤ ከአየሩ ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ መስሎ ይታየዋል፤ የሚጎትተውም ኃይል ያንሳል።

ጥርጣሬ ያለው ሰው ይህን ራሱ ይሞክር፤ እኔ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። በረጋ አየር ውስጥ አንዲት ብቸኛ እንክብል ጣሉ። ነውጥ የለም፣ ጎረቤት የለም፤ የምትደርስበት ፍጥነትም ከስቶክስ ቀመር ይታወቃል። እንክብሏ አየሩን መልሳ እንድትገፋ ፍቀዱና መረቡን አጥብቡ። መረቡ በጠበበ ቁጥር ከሚገባት በላይ ፈጥና ትወድቃለች። ስሌቱ ወደ እውነቱ አይቀርብም፤ ይሸሻል። ሆርዊትዝ እና ማኒ በ2016 ይህን ረብሻ ቀንሶ የማስተካከያ ዘዴ አቅርበዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። ዘዴዎቹ አሉ፤ ችግሩ ጽሑፉ የሚያስተምረው ጀማሪ መኖራቸውን ሳያውቅ መረቡን እያጠበበ ስህተቱን በገዛ እጁ ማሳደጉ ነው።

በመጨረሻ ጸሐፊው ይህ ሁሉ ክርክር ጊዜያዊ ነው፣ ኮምፒውተሮች እየፈጠኑ ሲሄዱ ሁሉንም በቀጥታ እናሰላለን፣ ሞዴል የሚባል ነገርም አያስፈልግም ይላሉ። ተስፋቸውን እጋራለሁ፤ ቁጥሩ ግን አያግዛቸውም። ኦርዛግ እና ፓተርሰን በ1972 ነውጥን ያለ ሞዴል ሲያሰሉ በየአቅጣጫው 32 ነጥብ ነበራቸው። ከ30 ዓመት በኋላ በጃፓን ኧርዝ ሲሙሌተር በተባለ ግዙፍ ኮምፒውተር ላይ የተሠራው ስሌት በየአቅጣጫው 4096 ነጥብ ደረሰ፤ በድምሩ ወደ 69 ቢሊዮን ማለት ነው። ይህ ትልቅ እመርታ ነው፤ ነገር ግን የፍሰቱን ነውጠኛነት የሚያመለክተው የሬይኖልድስ ቁጥር 10 እጥፍ ባደገ ቁጥር የሚያስፈልጉት ነጥቦች ወደ 180 እጥፍ፣ የሥራው ጠቅላላ ብዛት ደግሞ ወደ 1000 እጥፍ ያድጋል። ይህ ቅንጣት ሳይኖር ነው። አሁን ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ10,000 አንድ እጅ የሚይዙ ባለ 50 ማይክሮሜትር እንክብሎች ብዛታቸው 1.5 ቢሊዮን ገደማ ነው። የእያንዳንዷን ጭራ በሞዴል ሳይሆን በቀጥታ ለማየት በውፍረቷ ላይ ቢያንስ 10 ነጥብ ያህል ያስፈልጋል። እኩል በሆነ መረብ ይህ ለአንድ ሜትር ኩብ ብቻ 8 ሚሊዮን ቢሊዮን ነጥብ ነው፤ ከጃፓኑ ስሌት ከ100,000 እጥፍ በላይ። ቅንጣቶቹን ሙሉ አካል ሰጥቶ የሚያሰላ ሥራ ዛሬም አለ፤ ኡልማን በ2005 ያቀረቡት ዘዴ ብዙ በር ከፍቷል። የዚህ ሥራ ጥቅም ግን በትንሽ ሳጥን ውስጥ ጥቂት ሺህ ቅንጣቶችን አይቶ ለሞዴሉ የጎደለውን፣ ለምሳሌ ያንን የጠፋ ጭራ፣ መመለስ ነው። ቀጥተኛው ስሌት ሞዴሉን ይመግበዋል።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በአክብሮት ነው የማቀርበው። በሠሩት የቁም ቧንቧ ምሳሌ ላይ ከልኬት ጋር ያነጻጸሩት የአየሩን አማካይ ፍጥነት ብቻ ነው። አማካይ ፍጥነት ይቅር ባይ ነው፤ ነውጡን በተሳሳተ ሞዴል እንኳ ተቀራራቢ ቅርጽ ይሰጣል። በ1984ቱ የትሱጂ ልኬት ውስጥ የአየሩ የነውጥ መጠን በሦስት ዓይነት ቅንጣት፣ በትንሹ፣ በመካከለኛውና በትልቁ፣ ተመዝግቦ ይገኛል። ሞዴሉን አንድም ቁጥር ሳይለውጡ በሦስቱም ላይ ያስኪዱት፤ ነውጡ በአንዱ ሲበርድ፣ በአንዱ ሲብስ፣ በመካከለኛው ደግሞ ከመሐል እስከ ግድግዳ ምልክቱን ሲገለብጥ ያሳዩን። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ያወጡት ቀን አነበዋለሁ።